ብርሃን በማይጠልቅበት ሌሊት፦ በወቅቶች መለዋወጥ ስለሚመጣ የእንቅልፍ እጦት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በስዊድን፣ በኖርዌይ፣ በፊንላንድና በአካባቢው ባሉ አገሮች የሚኖሩ ምእመናን በዓመት ሁለት ጊዜ ተመሳሳይ ጥያቄ ይዘው ወደ አባቶች ይቀርባሉ። በሰኔና በሐምሌ «እንቅልፍ በዐይኔ አልዞር አለ፤ ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አነጋለሁ» ይላሉ። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ «ቀን ቀን እንቅልፍ ይጥለኛል፤ ሌሊት ነቅቼ አድራለሁ፤ ጠዋት ለጸሎት መቆም አቃተኝ» ይላሉ። አንዳንዱ «ከስንፍናዬ የመጣ ነው» ብሎ ራሱን ይከሳል። አንዳንዱ «ሰይጣን እንቅልፍ ነሣኝ» ብሎ ይደመድማል። ሌላው ደግሞ ከጓደኛው የተዋሰውን የእንቅልፍ መድኃኒት ውጦ ለማንም ሳይናገር ይቀመጣል። ሦስቱም ትክክለኛውን ምክንያት ሳያውቁ ወራት ስለሚያልፉ፣ ከእንቅልፉ መታጣት ይልቅ በላዩ የሚጫነው የኅሊና ክስ የሚከብድባቸው ወገኖች ጥቂቶች አይደሉም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የነገሩን ምክንያት፣ ከጾምና ከጸሎት ሕይወታችን ጋር የሚገናኝበትን መንገድና ሊደረግ የሚገባውን እንመለከታለን። ሰዓት የምንቈጥረው እንደ አገራችን ልማድ ንጋትን 12 ሰዓት ብለን ነው።

የመዓልቱና የሌሊቱ ልክ

በኢትዮጵያ ተወልዶ ያደገ ሰው ስለ መዓልትና ሌሊት መርዘምና ማጠር ብዙ አያስብም። አዲስ አበባ ላይ ረጅሙ መዓልት 12 ሰዓት ተኩል ያህል፣ አጭሩ ደግሞ 11 ሰዓት ተኩል ያህል ነውና በዓመቱ ውስጥ ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። በ12 ሰዓት ገደማ ይነጋል፤ በ12 ሰዓት ገደማ ይመሻል። የሰዓት አቈጣጠራችንም ሆነ የዕለት ተዕለት ኑሯችን የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው።

ይሁን እንጂ የቤተ ክርስቲያናችን መጻሕፍት የመዓልትና የሌሊትን መለዋወጥ ከጥንት ጀምሮ መዝግበውታል። ስንክሳር የሚያነብ ሰው በየወሩ መባቻ የወሩ መዓልት ስንት ሰዓት እንደሆነ ተጽፎ ያገኛል፤ የታኅሣሥ መዓልት 9 ሰዓት፣ የሰኔ 15 ሰዓት፣ የመስከረምና የመጋቢት ደግሞ 12 ሰዓት ነው ይላል። መጽሐፈ ሄኖክም በምዕራፍ 72 ዕለቱን በ18 ክፍል ከፍሎ፣ መዓልቱ እጅግ በሚረዝምበት ጊዜ 12ቱ ክፍል የመዓልት፣ 6ቱ የሌሊት እንደሆነ ያስረዳል። ይህን ወደ ሰዓት ብንመልሰው መዓልቱ 16፣ ሌሊቱ 8 ሰዓት ይሆናል። በአብነት ትምህርት ቤት እነዚህን ቍጥሮች የሚያጠና ተማሪ በአገሩ ከሚያየው ሰማይ ጋር አልገጥም ይሉታል፤ ልኬቱ ከምድር ወገብ ርቀው ወደ ሰሜን ላሉ አገሮች የቀረበ ነውና። ዛሬ በጀርመን ፍራንክፈርት የሚኖር ምእመን ግን ሄኖክ ያለውን በመስኮቱ ያየዋል፤ በሰኔ አጋማሽ መዓልቱ 16 ሰዓት ከጥቂት ደቂቃዎች፣ በታኅሣሥ አጋማሽ ደግሞ 8 ሰዓት ያህል ነው።

ከዚያ ወደ ሰሜን ሲሄዱ የስንክሳሩም የሄኖክም ልክ ይታለፋል። በስቶክሆልም በሰኔ 14 ቀን አካባቢ ፀሐይ የምትወጣው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል፣ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ በመካከል ያለውም ጨለማ ድንግዝግዝ እንጂ ጽኑ ሌሊት አይደለም። በታኅሣሥ 12 ቀን አካባቢ ደግሞ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው፤ 9 ሰዓት ሳይሞላም ትጠልቃለች። በጾመ ነቢያት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ምእመን የተሰዓቱን ጸሎት የሚጸልየው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው ማለት ነው። በኖርዌይ ሰሜን በምትገኘው በትሮምሶ ከተማ ደግሞ ፀሐይ በበጋቸው ከሁለት ወር በላይ አትጠልቅም፤ በክረምታቸውም ለሰባት ሳምንታት ያህል ከአድማስ በላይ አትወጣም። በአዲግራት ወይም በጎንደር ወይም በሐዋሳ ያደገ ሰውነት ይህን ሁሉ ሳያውቅ ገብቶበታል።

ሰውነታችን ሰዓትን የሚያውቀው እንዴት ነው?

እግዚአብሔር የሰውን አካል ሲፈጥር የጊዜን ሥርዓት በውስጡ አኑሮበታል። በአንጎላችን ውስጥ፣ ከሁለቱ የዐይን ጅማቶች መገናኛ በላይ፣ እጅግ አነስተኛ የሆነ የሕዋሳት ስብስብ አለ፤ የሰውነታችን ዋና ሰዓት እርሱ ነው። መቼ ሙቀታችን እንደሚጨምርና እንደሚቀንስ፣ መቼ እንደምንራብ፣ መቼ እንቅልፍ እንደሚመጣብን የሚያስተባብረው ይህ ሰዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮስባሽና ማይክል ያንግ የተባሉ ሦስት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ይህ ውስጣዊ ሰዓት በሕዋሳት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ በማግኘታቸው ነበር።

ሰዓቱ ግን በራሱ ፍጹም አይደለም፤ በየቀኑ መስተካከል ይፈልጋል። የሚያስተካክለውም በዋናነት ብርሃን ነው። በዐይናችን ውስጥ ለማየት ከሚያገለግሉት ሕዋሳት በተጨማሪ የብርሃኑን መጠን ብቻ ለክተው ለዚያ የአንጎል ክፍል የሚያሳውቁ ሌሎች ሕዋሳት አሉ። ብርሃን ሲደበዝዝ በአንጎል መካከል የምትገኝ ትንሽ ዕጢ ሜላቶኒን የተባለውን ንጥረ ነገር ታመነጫለች፤ ሰውነትም «መሽቷል» ብሎ ለእንቅልፍ ይዘጋጃል። ብርሃን ሲበረታ መመንጨቱ ይቆማል።

ይህን ካስተዋልን ከላይ የጠቀስናቸው ሁለቱ ችግሮች ግልጽ ይሆናሉ። በሰሜኑ በጋ ከምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ ብርሃን በዐይን ስለሚገባ ሰውነት ገና ቀን ነው ብሎ ይቆያል፤ እንቅልፍም ይዘገያል። ዘግይቶ የመጣው እንቅልፍ ደግሞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል በሚገባው ብርሃን ይቋረጣል። በክረምታቸው ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ጠዋት ሰዓቱን የሚያስተካክል ብርሃን የለም፤ ሰው በጨለማ ወደ ሥራ ሄዶ በጨለማ ይመለሳል፤ ስለዚህ ውስጣዊው ሰዓት ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ቀን ላይ መፍዘዝና መደበት ይመጣል። ያንን ለማስታገስ ከሥራ በኋላ ለሁለትና ለሦስት ሰዓት የሚተኛ ሰው ደግሞ የሌሊቱን እንቅልፍ በቀን ጨርሶት ይውላል።

በዚህ ረገድ የሚጠቀሰው ዶክተር ኖርማን ሮዘንታል ራሱ ስደተኛ ነበር። ከደቡብ አፍሪካ ወደ አሜሪካ ከመጣ በኋላ ክረምት በመጣ ቍጥር ኃይሉ እንደሚደክም አስተዋለ፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ከባልደረቦቹ ጋር በየዓመቱ በወቅት የሚመላለሰውን የመንፈስ ጭንቀት በጥናት ገልጾ አሳወቀ። ብርሃን ከሞላበት አገር የመጣ ሰው የብርሃንን መጕደል ቶሎ ማስተዋሉ አያስደንቅም። የእኛም ሰዎች ያስተውሉታል፤ ስም ግን አልሰጡትም።

ትጋህና እንቅልፍ ማጣት አንድ አይደሉም

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚደናገሩበትን ነገር መለየት ያስፈልጋል። በቤተ ክርስቲያናችን ሌሊት ነቅቶ መጸለይ እጅግ የከበረ ነው። ሰዓታቱም ማኅሌቱም የሚደርሰው በሌሊት ነው፤ ማር ይስሐቅን የመሳሰሉ መጻሕፍተ መነኮሳትም ስለ ሌሊት ትጋህ በስፋት ያስተምራሉ። ከዚህ የተነሣ «እንቅልፍ ካጣሁ አይቀር ልጸልይበት» የሚል ምእመን አለ። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ትጋህ ሰው በፈቃዱ፣ በአቅሙ ልክና በመንፈስ አባቱ ምክር የሚይዘው ተጋድሎ ነው። እንቅልፍ ማጣት ግን ሰው ሳይፈቅድ የሚደርስበት የሥጋ ድካም ነው። የመጀመሪያው በማግሥቱ ልብን ያቀናል፤ ሁለተኛው ቍጣን፣ መርሳትንና ተስፋ መቍረጥን ያመጣል። እነዚያ መጻሕፍት በዋናነት የተጻፉትም ዓለምን ትተው በበዓት ለሚኖሩ እንጂ ጠዋት በ1 ሰዓት አውቶቡስ ለመንዳት ወይም የታመሙ አረጋውያንን ለመንከባከብ ለሚወጡ ሰዎች አይደለም። እንዲህ ስንል የምእመናን የሌሊት ጸሎት ይቅር ማለታችን አይደለም፤ ልኩን ካህኑ ይወስን ማለታችን ነው።

ቅዱሳት መጻሕፍትም ለእንቅልፍ ክብር ይሰጣሉ። ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ ሞትን እስኪለምን ድረስ በደከመ ጊዜ እግዚአብሔር መጀመሪያ የሰጠው ተግሣጽ አልነበረም። ከዛፉ በታች ተኛ፤ መልአኩም ቀስቅሶ አበላው፤ እንደ ገናም ተኛ፤ ሁለተኛም በልቶ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ኮሬብ የተጓዘው (1ነገ. 19)። ጌታችንም በተዋሐደው ሥጋ በታንኳ ውስጥ ተኝቷል (ማር. 4)። እንቅልፍ አጥተው የተጻፉትን ደግሞ ስንመለከት ንጉሡ አርጤክስስ ሌሊቱን እንቅልፍ ስላጣ የዘመን ታሪክ መጽሐፍ አስነበበ (አስ. 6)፤ ንጉሡ ዳርዮስም ዳንኤልን ወደ ጕድጓድ ካስጣለ በኋላ እንቅልፍ ከዐይኑ ራቀ (ዳን. 6)። እንግዲህ ያው እንቅልፍ ማጣት በአንዱ እግዚአብሔር ሥራውን የፈጸመበት አጋጣሚ፣ በሌላው የኅሊና ወቀሳ ሆኖ ተገኝቷል። ምክንያቱን ሳይመረምሩ ሁሉን አንድ ስም መስጠት ተገቢ እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን።

በግብፅ በረሃ ስለነበሩት ስለ አባ ባይሞን የሚተረክ ታሪክ አለ። ሽማግሌዎች ቀርበው በማኅበር ጸሎት ላይ የሚያንቀላፋ ወንድም ቢያዩ ይቀሰቅሱት እንደሆነ ቢጠይቋቸው፣ እርሳቸው የወንድሙን ራስ በጕልበታቸው ላይ አድርገው እንደሚያሳርፉት መለሱ። ይህን ያሉት እንቅልፍን ታግለው ያሸነፉ አባት ናቸው። በቅዳሴ ላይ የሚያንቀላፋውን ወንድም በክርን ለመጐሸም የሚፈጥን ሰው ያ ወንድም ምናልባት በቀጥታ ከሌሊት ፈረቃ የመጣ እንደሆነ ቢያስብ መልካም ነው።

ጾሞቻችንና ወቅቱ የሚገናኙበት

በሰሜን አውሮፓ የሚኖር ኦርቶዶክሳዊ ከጎረቤቱ ለየት የሚልበት ነገር አለ። ብርሃኑ እጅግ በሚረዝምበት ሰሞን በአብዛኞቹ ዓመታት ጾመ ሐዋርያት ይገኛል፤ የሚፈታውም ሐምሌ 5 ቀን ነው። ጨለማው እጅግ በሚበረታበት ሰሞን ደግሞ ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾመ ነቢያት ይገኛል። ስለዚህ የአመጋገባችን ሰዓት የሚለወጠውና የብርሃኑ ሰዓት የሚለወጠው በአንድ ጊዜ ነው።

ምግብም ለሰውነት ሰዓት ነው። ከብርሃን ያነሰ ኃይል ቢኖረውም ሆድና ጕበት የራሳቸውን ጊዜ የሚያውቁት በምግብ ሰዓት ነው። ቀኑን ሙሉ ጾሞ ከሥራ ማታ 2 ሰዓት ተመልሶ፣ ሽሮውንና ምስሩን በ3 ሰዓት አቅርቦ በብዛት የሚመገብና ወዲያው የሚጋደም ሰው ሰውነቱን በዕረፍት ሰዓት ሥራ ላይ ያሰማራዋል፤ ቃር ያለበት ከሆነማ ሌሊቱ የባሰ ነው። የጾሙን ሰዓት የሚወስነው ካህኑ ነው፤ ጾሙ ከተፈታ በኋላ ግን በልክ መመገብ፣ ከመኝታ በፊትም ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ማሳለፍ ጾሙን አይነካም። እንዲያውም ሲፈቱ አብዝቶ አለመብላት የጾሙ አካል ነው።

ስለ ቡና ሳንናገር ብናልፍ ሐቀኞች አንሆንም። በስደት አገር ቡና ከመጠጥነት አልፎ የአገር ናፍቆት ማስታገሻ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ወይም ማታ ዘመድ ሲሰበሰብ፣ ከአቦል እስከ በረካ ይጠጣል። ካፌይን ግን ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ ከጠጣን ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላ እንኳ እኩሌታው በደም ውስጥ ይቆያል፤ በአንዳንድ ሰው ከዚህም ይረዝማል። ማታ 1 ሰዓት ላይ የተጠጣው በረካ እኩለ ሌሊት ላይም ሥራውን አልጨረሰም። «እኔን ቡና አያነቃኝም» የሚሉ አሉ፤ እንቅልፍ ቢወስዳቸውም እንኳ እንቅልፉ ጥልቀት እንደሚያጣ ግን አያውቁትም። ቡናው ይፈላ፤ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ይሁን እንላለን። «ትንሽ ብቀምስ ያስተኛኛል» ተብሎ የሚጠጣው አልኮልም ቶሎ ያስተኛና ከሌሊቱ አጋማሽ በኋላ ያነቃል።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

የመጀመሪያውና ዋናው የመነሻን ሰዓት መወሰን ነው። ብዙ ሰው የሚተኛበትን ሰዓት ለመወሰን ይታገላል፤ እንቅልፍ ግን በትእዛዝ አይመጣም። መነሣት ግን ይታዘዛል። ሌሊቱ መጥፎ ቢሆንም በዚያው ሰዓት መነሣት፣ ቅዳሜና እሑድም ቢሆን ከአንድ ሰዓት በላይ አለማዘግየት፣ ውስጣዊውን ሰዓት ከማንኛውም ነገር ይልቅ ያጸናዋል። ቤተ ክርስቲያናችን ያስቀመጠችልን ሰባቱ የጸሎት ጊዜያት በዚህ ላይ ይረዱናል። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 14 የዘረዘራቸው ጸሎታት የሚጀምሩት ከመኝታ በመነሣት ነው። በአገራችን ነግህን የሚያሳውቀን ወፉና ንጋቱ ነበር። ትሮምሶ ላይ በታኅሣሥ ንጋት የለም፤ በሰኔም ምሽት የለም። እዚያ የሚኖር ምእመን ጸሎቱን በፀሐይ ሳይሆን በሰዓት ቢይዝ፣ ለሰማዩ የጠፋው የቀንና የሌሊት ድንበር በጸሎቱ ይቆምለታል። ጸሎተ ንዋምንም በየምሽቱ በአንድ ሰዓት፣ መብራቱን ዝቅ አድርጎ የሚያደርስ ሰው ሳያውቀው ሐኪሞች የሚመክሩትን የመኝታ ዝግጅት ፈጸመ ማለት ነው።

አንድ ማሳሰቢያ ግን አለን። ዛሬ ብዙዎቻችን ዳዊቱንም ውዳሴ ማርያሙንም የምናነበው በስልክ ነው። ስልኩ ከፊታችን አንድ ክንድ ርቀት ላይ የሚያበራ መብራት ነው፤ ከዚህም በላይ መልእክቱና ዜናው በጸሎቱ መካከል ይገባል። መዝሙሩን ለማንበብ የተከፈተ ስልክ ከአንድ ሰዓት በኋላ ስለ አገር ቤት ጦርነት የሚከራከር ቪዲዮ ላይ መገኘቱ የተለመደ ነው። ለማታ ጸሎት የታተመውን መጽሐፍ መጠቀም፣ ስልኩን ከመኝታ ክፍሉ ውጭ ማሳደር፣ ለመቀስቀሻም ርካሽ የጠረጴዛ ሰዓት መግዛት ይጠቅማል።

ቀጥሎ ብርሃን ነው። በበጋ ወራት የመኝታውን መስኮት ብርሃን በማያስገባ ወፍራም መጋረጃ መሸፈን፣ ለዚያ አቅም ከሌለም የዐይን መሸፈኛ ጨርቅ ማሰር ያስፈልጋል። ከመኝታ ሁለት ሰዓት አስቀድሞ የሳሎኑንም መጋረጃ መዝጋት ይገባል፤ ለሰውነት ምሽትን የምንሠራለት እኛ ነንና። በተለይ ሕፃናት ላሏቸው ቤተሰቦች ይህ ግድ ነው፤ ሕፃን ልጅ ውጭ ፀሐይ እያየ «መሽቷል ተኛ» ቢባል አያምንም።

በክረምት ወራት የሚፈለገው ተቃራኒው ነው፤ ጠዋት ላይ ብርሃን መሻት። ሰማዩ ደመና ቢሆን እንኳ ውጭ ያለው ብርሃን በቤት ውስጥ ካለው መብራት ብዙ እጥፍ ይበልጣል። የቤት መብራት ብዙውን ጊዜ ጥቂት መቶ ሉክስ ነው፤ ሉክስ የብርሃን መለኪያ ነው። ስለዚህ በምሳ ዕረፍት ሰዓት ለግማሽ ሰዓት ውጭ መራመድ ዋጋ አለው። ለዚህ ተብለው የተሠሩ 10,000 ሉክስ የሚሰጡ መብራቶችም በየመደብሩ ይገኛሉ፤ እንደ ተነሡ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ከፊት ለፊት አስቀምጦ፣ በቀጥታ ሳያዩት፣ ቁርስ መብላት ወይም ማንበብ ይቻላል። ነግሁን ለማድረስም ይመቻል። የዐይን ሕመም ያለበት፣ ወይም ስሜቱ ከመጠን በላይ የሚዋዥቅበት ሕመም ያለበት ሰው ግን መጀመሪያ ሐኪሙን ያማክር። ማታ ላይ መጠቀም ደግሞ ጕዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

አልጋ ላይ ነቅቶ መቆየትን በተመለከተ አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ባለሙያ ሪቻርድ ቡትዚን እ.ኤ.አ. በ1972 ያቀረበው ቀላል መመሪያ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። እንቅልፍ ሲመጣ ብቻ ወደ አልጋ መሄድ፤ በ20 ደቂቃ ያህል ካልመጣ ተነሥቶ ወደ ሌላ ክፍል መሄድ፤ በደብዛዛ ብርሃን ጸጥ ያለ ነገር መሥራት፤ እንቅልፍ ሲመጣ መመለስ። ሰዓቱን ደጋግሞ ማየት ክልክል ነው። ትርጕሙ አልጋ የጭንቀት ቦታ እንዳይሆን ነው። በዚያ ጊዜ ጥቂት መዝሙራትን ቀስ ብሎ ማንበብ፣ ወይም «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያሉ መቍጠሪያ መያዝ ለእኛ የተመቸ ነው፤ ሆኖም ስግደት ሰውነትን ስለሚያሞቅና ስለሚያነቃ ለጠዋት ይቆይ። ጸሎቱም «እንቅልፍ ካልመጣልኝ» የሚል ትግል አይሁን፤ እንቅልፍ ማምጫ ዘዴ አይደለምና።

ቀን መተኛት ካስፈለገ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት፣ ከ20 ወይም ከ30 ደቂቃ ሳያልፍ ይሁን። ለማኅሌት የሚቆሙ መዘምራንና ዲያቆናት ግን በዚህ ደንብ አይያዙም፤ እነርሱ ከማኅሌቱ በፊት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በደንብ ቢያርፉ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ አጭር ዕረፍት ወስደው ሌሊቱን በተለመደው ሰዓት ቢተኙ ይሻላል። ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ሰው ብቻውን መኪና ይዞ ረጅም መንገድ እንዳይነዳ የሰበካ ጉባኤያት ሊያስቡበት ይገባል፤ እንቅልፍ ያጣ አሽከርካሪ ከሰከረ አይተናነስም።

በዓረብ አገሮች የሚኖሩ እኅቶቻችን ችግር ከብርሃን ይልቅ ሙቀት ነው። እንቅልፍ እንዲመጣ የውስጥ ሙቀታችን ጥቂት መቀነስ አለበት፤ ሌሊቱም ከ30 ዲግሪ በማይወርድበት ወቅት ይህ ይከብዳል። ከመኝታ በፊት ለብ ባለ ውኃ መታጠብ፣ እርጥብ ጨርቅ አንገትና ክንድ ላይ ማድረግ፣ ስስ የጥጥ ልብስ መልበስ ያግዛል። በቀን 15 ሰዓት የምትሠራ የቤት ሠራተኛ ግን የሚያስፈልጋት ከምክር በፊት የዕረፍት ሰዓት መሆኑን አንዘነጋም።

ወደ ሐኪም መሄድ የሚገባው መቼ ነው?

እንቅልፍ ማጣቱ በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ ሆኖ ለሦስት ወራት ከቆየ፣ ወቅቱም ተለውጦ ካልተወ፣ ሐኪሞች ሥር የሰደደ የእንቅልፍ እጦት ይሉታል። ለዚህ በመጀመሪያ የሚመከረው ሕክምና ኪኒን አይደለም፤ ስለ እንቅልፍ ያለንን አስተሳሰብና ልማድ ከባለሙያ ጋር ለጥቂት ሳምንታት የሚያስተካክል ሕክምና ነው። የሜላቶኒን እንክብልም ቢሆን መቼና ስንት እንደሚወሰድ ሐኪም ሊያዝ ይገባል፤ በተሳሳተ ሰዓት ከተወሰደ ሰዓቱን ይበልጥ ያዛባል። የሌላ ሰው የእንቅልፍ መድኃኒት መዋስ ፈጽሞ አይገባም። በእንቅልፍ ላይ በኃይል የሚያንኮራፋና ትንፋሹ ለአፍታ የሚቋረጥ ሰው ደግሞ ሌላ ሕመም ሊኖርበት ስለሚችል ቶሎ ይመርመር።

ከሁሉ በላይ ግን ልናሳስብ የምንወደው ስለ ሁለት ዓይነት ሰዎች ነው። አንደኛው በሰሃራ፣ በሊቢያና በባሕር አልፎ የመጣ ወንድም ወይም እኅት ነው። ሌሊት እየጮኸ የሚነቃ፣ መብራት ሳያበራ መተኛት የማይችል፣ ያየውን ደጋግሞ በሕልሙ የሚያይ ሰው ችግሩ የወቅት መለዋወጥ አይደለም፤ መጋረጃም አይፈታለትም። የደረሰበትን ነገር ለመንፈስ አባቱ ይንገር፤ ለዚህ ሥልጠና ወዳላቸው ሐኪሞችም ይሂድ። ሁለተኛው በጨለማው ወራት ተስፋው የተሟጠጠ፣ ከሰው የራቀ፣ መኖር የሰለቸው፣ ስለ ሞት የሚናገር ሰው ነው። ይህን ሲሰማ «ጸሎት ስለተውክ ነው» ብሎ የሚገሥጽ ሰው ሊገድለው ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው ብቻውን አለመተው፣ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መውሰድ ወይም የድንገተኛ ርዳታ መጥራት ያስፈልጋል።

ጠበልና ሐኪም አይጣሉም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር ያዘዘን፣ መድኃኒትንም ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተማረን ነው፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበረ። ጠበል እየተጠመቁ፣ እምነቱን እየተቀቡ የሐኪምን ትእዛዝ መፈጸም የሚጋጭ ሆኖ የሚታየው ከትምህርት ማነስ የተነሣ ነው።

በየሰበካው ሊደረጉ የሚችሉ ጥቂት ነገሮችም አሉ። በጾመ ነቢያት የማታው ጉባኤ ከምሽቱ 2 ሰዓት እንዳያልፍ ማድረግ ይቻላል። ከቅዳሴ በኋላ ያለው ማዕድና ቡና ሳይዘገይ ቢቀርብ፣ ወጣቶችም ብርሃኑ ሳያልቅ አብረው ውጭ ቢራመዱ ጥሩ ነው። ከምእመናን መካከል ነርሶችና ሐኪሞች ስላሉ ኅዳር ሲገባ አንድ ቀን ስለ እንቅልፍ እንዲያስተምሩ መጋበዝ ቀላል ነው። ጸሎተ ንዋሙን በትልልቅ ፊደል አሳትሞ ለየቤቱ ማደልም ከብዙ ወጪ ጋር አይደለም፤ አንዳንድ አጥቢያዎች የአጽዋማትን ማውጫ በሚያሳትሙበት ወረቀት ጀርባ ላይ ሊያደርጉት ይችላሉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።